የገደል ቃጫ አረቄ

እንዳለው የሚባል ሰው ከቢቸና እስከ ሞጣ አንዲት ጠርሙስ በጋቢው ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሄደ። «ምንድን ነው የያዝከው?» ላለው ተሳፋሪ ሁሉ «አረቄ ነው» ይላል፤ የሚያምነው ግን የለም። እንዳለው በዋሸ ቁጥር አንድ ጸጉር ቢረግፍበት ኖሮ ራሱ ከሩቅ ባበራ ነበር። ክረምት ላይ ጅብ ጃንጥላ ይዞ ሲሄድ አየሁ ብሎ በታቦት የማለ ሰው ነው።

ይኼ ሁሉ ሲያስቅ ኖረ። የመጨረሻዋ ብቻ አላሳቀችም። ሞባይል ገና ቢቸና ባልገባበት በዚያ ዓመት፣ አንድ ጠዋት ሚስቱን ሀይማኖትን «እናትሽ አርፈዋል» አላት። ለሱ ሰሙ ሞት፣ ወርቁ ከሥራ ማረፍ ነበር፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ከርሞ ይዞት የተመለሰው ይህንኑ ያህል ነው። ሳቁን አፍኖ ከጓሮ እስኪመለስ ሀይማኖት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መኪና ተሳፍራለች። ሞጣ ደረቷን እየደቃች ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ አረቄ ሊያወጡ ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብለው እሳት ይቆሰቁሳሉ። ወርቁም ውሸት ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። የላከችበት ቃል አጭር ነው፦ «ያልተቀባባ አንድ እውነት ይዘህ ና። ካጣህ እዚያው ቅር።»

አሁን እንዳለው አማቱ ቤት መደብ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌ ሆነው የመጡት ጎረቤቱ ጋሽ ፋንታ ከጎኑ አሉ። ሀይማኖት መቃኑን ተደግፋ ቆማለች።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጠርሙሱ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው አሹ፤ አሸተቱ። ከዚያ በመለኪያ ቀድተው ፉት አሉ። አልዋጡትም፤ አፋቸው ውስጥ ያዙት።

«ጭስ ጭስ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ዓይነት ጭስ ግን አይደለም፤ አፈር ውስጥ የዋለ ጭስ ነው። ጌሾ የለበትም። ብቅል የለበትም። ዝናብ የመታው ድንጋይ ይሸታል፣ ኋላ ደግሞ ይጣፍጣል። አንተ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ቃጫ ነው፣ እማማ።»

«ገመድ የሚገመደው?»

«ገመዱ ከቅጠሉ ነው፤ ይኼ ከግንዱ ልብ ነው። ገደል ላይ የበቀለ፣ ማንም ያልተከለው።»

«ማን አስተማረህ?»

«መንገድ ሊሠራ የመጣ ፈረንጅ። አገሩ ሜክሲኮ ነው።»

ጋሽ ፋንታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሜክሲኮ?» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። «እኔን ሜክሲኮ የማላውቅ መሰለህ? የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ስትወልድ ላርሳት ሄጄ፣ ሜክሲኮ ላይ አልነበር ወይ ታክሲ ስለውጥ የከረምኩት! ቃጫ ቀርቶ ሣር አይታይበትም!»

«ሌላ ሜክሲኮ ነው፣ እማማ። ባሕር ማዶ ያለ አገር።»

«አዎ! ነገ ደግሞ ፒያሳ ባሕር ማዶ ናት በለኝ።»

ጋሽ ፋንታ ጆሮው ሥር ጠጋ አሉ። «ከባሕታዊ ተማርኩ በል፤ ወዲያው ያምኑሃል።»

ባሕታዊው ሳይጠራ እንዳለው ሐሳብ ውስጥ መጣ። ጢሙ ጉልበቱ ደርሷል፤ ዋሻው ደጃፍ ላይ ነብር በጭራው እሳቱን ያራግባል። እንዳለው አፉን ከፈተ። ሀይማኖት ከንፈሩን ታያለች።

«ፈረንጁ ነው» አለ። «ቋንቋ አልተግባባንም፤ በእጁ ነው ያሳየኝ። ልቡን ጥሬውን አኝኬ አፌ አብጦ መናገር አቅቶኝ ነበር። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ድንጋይ አግዬ፣ ልቡን አፈር አልብሼ አበሰልኩት። ወቅጬ ጋን ውስጥ ተውኩት፤ ራሱ ፈላ። አረቄውን ሳወጣ የመጀመሪያው ድፍድፍ አረረብኝ። ይኼ ሁለተኛው ነው።»

«ድገመው» አለች ሀይማኖት።

ደገመው። የጅቡን ወሬ ሲደግም ጃንጥላው ላይ ጫማ ጨምሮለት እንደነበር ታውቃለች፤ በሦስተኛው ጅቡ መነጽር አድርጓል። አሁን ግን ፈረንጁም ያው፣ ጉድጓዱም ያው፣ ያበጠው አፍም ያው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

እንዳለው እውነት እንዲህ ራቁቷን መሆኗን አያውቅም ነበር፤ የሚያለብሳት ነገር እጁ ላይ እያለ ማልበስ አለመቻሉ ጨነቀው።

ሀይማኖት መለኪያውን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ቀመሰች። ሳል ያዛት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዳግመኛ ቀመሰች፤ በዝግታ።

«ሜክሲኮህን አላመንኩህም» አለች። «ጉድጓዱን ግን አብሬህ ሄጄ አየዋለሁ። ከሌለ፣ ደጅህን ሳልረግጥ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ።»

«እግረ መንገድሽንም ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ለውጪ!» አሉ እናቷ፣ ሁለተኛ መለኪያ ለራሳቸው እየቀዱ።

ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ ሀይማኖት ከጎኑ ሳትሆን ትንሽ ከኋላው ትራመዳለች።

«ጥልቅ ነው ጉድጓዱ?» አለችው።

«እስከ…» አለ እንዳለው፤ ምላሱ ላይ ጉድጓዱ የዓባይን ወለል ሊበሳ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ምራቁን ዋጠ።

«እስከ ጉልበቴ» አለ።