ምርቃቱ ለየትኛው መንገድ ነበር?

ለወንድሜ የታጨችው ልጅ አያት ቁርጡን ነግረውናል፤ «የማጫው ጉትቻ ዛሬ ጆሮዋ ላይ ካልዋለ ጨርሶ አትምጡ።» ከካራኮል ከተማ በላይ ያለውን የመኪና መንገድ በረዶ ከዘጋው ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ ሽምግልናው በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ ሆነ። አገሩ ሁሉ «ባይኬ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የሚላቸው አጎቴ ቶሎጎን፣ ጉትቻውን በደረት ኪሴ የያዝኩት እኔ፣ እና መንገድ የምትመራን ጉልሳይራ።

የተራራው አናት ላይ ስንደርስ ጉልሳይራ ቆመች። ከፊታችን ነጭ ቁልቁለት፣ ከሥሩ የልጅቷ መንደር። በዚህ ከወረድን ሃያ ደቂቃ፣ በሸንተረሩ ከዞርን አምስት ሰዓት።

«ምን ይገትርሻል?» አሉ አጎቴ።

አካፋዋን አውጥታ እስከ ወገቧ ቆፈረች። ላዩ ነፋስ የጠፈጠፈው ደረቅ ሰሌዳ ነው፤ ሥሩ ግን እንደ ስኳር ይፈሳል። ከጉድጓዱ ግድግዳ አንድ ዓምድ በመጋዝ ነጠለች፣ አካፋውን አናቱ ላይ አስተኝታ መታ መታ አደረገችው። አሥር ጊዜ በእጅ አንጓ፣ ከዚያ በክርን። በክርን ሁለተኛው ላይ ሰሌዳው እንደ መሳቢያ ሾልኮ ጭኗ ላይ ወደቀ። ቁልቁለቱ ከተረገጠ ይናዳል ማለት ነው።

«እጅሽ ከባድ ነው። ባልሽ አሳዘነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይምቱት፣ ባይኬ። ቀስ ብለው።»

ሌላ ዓምድ ቆረጠችላቸው። አጎቴ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣታቸው አንኳኩ። በአራተኛው ሾለከ።

ጓንታቸውን ገልብጠው አዩት። «ለማንኛውም ተመርቀናል! ምርቃት አይታጠፍም።»

ይሄ እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ጠዋት የመንደሩ ትልቅ ሰው መዳፋቸውን ዘርግተው «በነጩ ቁልቁለት በሰላም ውረዱ» ብለውናል፤ እኛም «አሜን» ብለን ፊታችንን በመዳፋችን ዳብሰናል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በዚህ መሳቅ የተማርኩት እኔ እንኳ አልሳቅኩም።

«ምርቃት የሚሰጠው ማነው?» አለች ጉልሳይራ።

«በቦታው ያለ ትልቅ ሰው ነዋ!»

«እዚህ ካለነው ትልቁስ?»

አጎቴ ዙሪያውን አማተሩ። አንድ ቁራ ነበር፤ ዕድሜው ግን አይታወቅም።

«ለሸንተረሩ ይመርቁን። እምቢ ካሉ ብቻዎን ይውረዱ። እኔ አካፋዬን ይዤ እዚሁ እጠብቃለሁ፤ ቆፍሬ ላወጣዎት።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ለሸንተረሩ፣ ለበጎቹ፣ ላልተወለዱ የልጅ ልጆች፣ ለጉልሳይራ ባል ትዕግሥት፤ ጣታችን እስኪደነዝዝ መረቁ።

ቁልቁለቱ አልተናደም። አጎቴ በየመቶ እርምጃው እየዞሩ «ያው፣ ተቀምጧል!» ይላሉ።

«ይቀመጥ» ትላለች ሳትዞር።

ስንደርስ ፀሐይ የመጨረሻውን ጫፍ ይዛ ነበር። አያትየው በራፉ ላይ ቆመዋል።

«ምን አዘገያችሁ? ቁልቁለቱ ቅርብ አይደለም እንዴ?»

አጎቴ ደረታቸውን ነፉ። «ልጆቹማ በቁልቁለቱ ካልወረድን ብለው ነበር። በረዶውን መትቼ ያየሁት እኔ ነኝ!»

አያትየው በአክብሮት ራሳቸውን ነቅንቀው አስገቡን፤ ጉትቻውም ጆሮዋ ላይ ዋለ። እኔ ጠብ ጠብቄ ወደ ጉልሳይራ ዞርኩ።

«እውነታቸውን ነው» አለች፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ነገም ስንመለስ በሸንተረሩ ነው። ባይኬ ራሳቸው ከፊት ሆነው በረዶውን እየረገጡ መንገድ ይጠርጉልናል።»