ዱዓ የተደረገለት ቱርቦ

የሙሽራው ሽማግሌዎች ከሐረር ድሬ መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ሊነሱ ሲሉ አንደኛው ጣል አደረገ፦ «ለሙሽሪት መኪና አታስቡ። አዲስ ላንድክሩዘር እንልካለን።»

የሙሽሪት አባት አብዲራሺድ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ።

እሺ! ሠላሳ ዓመት በሐረር መስመር ላይ ከትራፊኩም፣ ከተሳፋሪውም፣ መንገድ መሃል ከሚተኛ ፍየልም ጋር ሲከራከር የኖረ ሰው! በር አጠገብ ብርጭቆ ስትሰበስብ የነበረችው ትልቋ ልጁ ሉል ይህን ስትሰማ ብርጭቆዎቹን መልሳ አስቀመጠች። ቢቆጣ፣ ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሿ ሳቢሪን የተወለደች ቀን አባቷ ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣት በራሱ መኪና፣ በዚያች ሦስት ረድፍ ወንበር ባላት የናፍጣ ፔጆ ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ባሏ ቤትም የማደርሳት በዚችው ነው፣ ወላሂ!» ብሎ ማለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲደጋግም ኖረ። የዛሬ ሁለት ዓመት በዒድ ዋዜማ ግን ሰባት ሰው ጭኖ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ፣ ሰፊው ኩርባ ላይ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ፔጆዋ አቅም አነሳት። ቢረግጣት አትሰማ፣ ቢለምናት አትሰማ። ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ፣ አላበው፣ በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ሁሉንም ጭኖ ሄደ። አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አይዞህ አቦ፣ እሷም አርጅታለች፣ አንተም» አሉት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ሊያጽናኑት ነው። እሱ ግን መኪናዋን ቁልቁል መልሶ ግቢ አስገባና ሸራ አለበሳት። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልያዘም።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ሉል አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት አለው። ፔጆዋን ስጠኝ፣ ቱርቦ እገጥምላታለሁ።»

«ለፔጆ ቱርቦ? አቦ ተይኝ!»

«ስማኝማ። ደንገጎ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ እሷም የምትደክመው ትንፋሽ እያጠራት ነው። ቱርቦ ማለት በራሷ ጭስ እየተሽከረከረ አየር የሚነፋላት ነገር ነው። ይኸው ነው።»

ሉል በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ናት፤ አየር የሚያምቁት ማሽኖች በእሷ እጅ ናቸው፣ ስለ ማሽን ትንፋሽ ዝም ብላ አታወራም። አባቷም ይህን ያውቃል። ከዚያ ተነስቶ ወጣና ሸራውን በገዛ እጁ ገፈፈው።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ቱርቦ ሰጣት፤ የማይሆነውን ትመልሳለች። አንደኛው ከተሳቢ መኪና የወጣ፣ ድስት የሚያህል። ሁለተኛው ከቀላል የናፍጣ ፒክአፕ የወጣ፣ ሁለት እጅ የማይሞላ። ሉል ገና ስታያቸው የቷ እንደምትሆን አውቃለች፤ ትንሿ ናት። ጥፋቷ ሁለቱንም ይዛ ቤት የገባችበት ሰዓት ነው። ድሬ ላይ ከስምንት ሰዓት በኋላ ለሰው ዕቃ ማሳየት አደጋ አለው! አባቷና ጓደኞቹ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው፣ ጫት እየቃሙ በርጫ ይዘዋል፣ ምርቃናው ደርሷል። በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ ያልተተከለ ፋብሪካ፣ ያልተቆፈረ ጉድጓድ የለም፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ።

«ይሄ ነው!» አሉ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ጋሽ ካሣ፣ ትልቁን በሁለት እጃቸው አንስተው። «ይሄ ተራራ ይጎትታል!»

«ያቺ ምንድን ናት? የልጅ መጫወቻ ናት እንዴ?» አለ አብዲራሺድ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን ነበር።

ሉል አፏን ልትከፍት ስትል የሁሉም ታላቅ የሆኑት አው ጦልሃ መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ ኃይል ያድርግበት። ሰውዬው ልጁን በሰላም ያድርስበት።» አሚን ተባለ፤ ጋሽ ካሣም አሜን አሉ። ዱዓ ተደርጎ፣ አሚን ተብሎ፣ ከዚያ በኋላ «ተሳስታችኋል» የምትል ልጅ የማን ልጅ ናት? ሉልም ዋጥ አደረገችው።

በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ እስከ መግሪብ ትሠራ ጀመር። ያ ድስት በመሪውና በሞተሩ መሃል አልገባ ብሎ አበሳዋን አሳያት። ወፍራም ላሜራ ቆርጣ፣ በይዳ፣ የጭስ መውጫውን አንገት አዞረችለት። ዘይት በደቂቃ ውስጥ ካልደረሰው ተቃጥሎ ስለሚቀር፣ ዘይት የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ አናቱ ላይ፣ የሚመልስ ወፍራም ቱቦ ሥሩ ላይ ገጠመች። ፖምፓው ላይ ናፍጣውን ሩብ ዙር ጨመረች። አብዲራሺድ ከጎኗ ተንበርክኮ «አሥራ ሦስት ቁልፍ» ስትለው ያቀብላል፣ «አሥራ አራት» ስትለው ያቀብላል፤ አንዴ እንዲያውም ሲያፏጭ ሰማችው። ታዲያ በዚህ መሃል እንዴት «ትልቁ አይሆንም» ትበለው? ዛሬ ነገ እያለች ከሦስቱ ሳምንት ሁለቱ አለቀ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ወጡ። በሽንሌ መንገድ፣ በሜዳው፣ ፔጆዋ መጀመሪያ ተጎተተች፤ ከዚያ ሞተሩ ሲጮህ ድንገት ተወረወረች። «ማሻአላህ!» ብሎ ጮኸ አባትየው። ሉልም «ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብላ ተስፋ አደረገች።

ቅዳሜ ጠዋት ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በሰባት ጆንያ ሞልተው፣ በሰው ምትክ ጭነው ወደ ደንገጎ ወጡ። ሰፊው ኩርባ ላይ የጭነት መኪና ቁልቁል እየመጣ ስለነበር አብዲራሺድ ቀዝቀዝ አደረገ። አለቀ። ያን ድስት የሚያህል ቱርቦ የሚያሽከረክር ጭስ ከየት ይምጣ? ሞተሩ ቀስ ባለበት ጊዜ ቱርቦው ተኝቷል፤ ጭራሽ ጭሷን አፈናት። ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ትልቅ ድንጋይ አጠገብ!

ሉል ወርዳ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረገች። ስትመለስ አባቷ እጁን ከመሪው አንስቶ ጭኑ ላይ አኑሮታል።

«ላንድክሩዘሩን ይላኩ» አለ። «ይበቃኛል፣ ሉል። አታድክሚኝ።»

መኪናዋን ቁልቁል መልሰው ዳገቱን ወረዱ። ሉል በመስኮት በኩል ዞራ አለቀሰች። ማንን ትውቀስ? ያወቀች እሷ፣ ዝም ያለች እሷ! ትንሿን በድብቅ ብትገጥማት ደግሞ አባቷ «ሽማግሌ የመረቀውን አውልቀሽ ጣልሽ?» ብሎ ጨርሶ መኪናዋ ውስጥ አይቀመጥም፤ ታውቀዋለች። ሠርጉ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿን ቱርቦ በፌስታል ይዛ፣ ባጃጅ ተሳፍራ መጋላ ሰፈር አው ጦልሃ ቤት ሄደች። ነገሩን ሳትደብቅ ተናገረች፤ ትልቁ ቱርቦ ለሜዳ እንጂ ለኩርባ እንደማይሆን፣ ትንሿ ግን ሞተሩ ገና ሲነሳ እንደምትነቃ፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ምን ነክቶሽ ዝም አልሽ?»

«አሚን ከተባለ በኋላ ምን ልበል፣ አው ጦልሃ? ዱዓ ያደረጉለትን ዕቃ እንዴት አይሆንም ልበል?»

ሽማግሌው መጀመሪያ አፈጠጡባት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ያ ረቢ! እኔ ዱዓ ያደረግኩት ለአባትሽ ነው፣ አንቺዬ! ለብረት ዱዓ የሚያደርግ አይተሽ ታውቂያለሽ? ተነሺ!»

ጋሽ ካሣን ከመንገድ ይዘው፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከአብዲራሺድ ደጅ ቆሙ። በጠዋት እሳቸውን በር ላይ ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ።

«አትደንግጥ» አሉ አው ጦልሃ። «በምርቃና የመረጥነውን ሳልቅም ላርም ነው የመጣሁት። ስለ ብረት የምናውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው ልጅህ ናት። ዱዓው እንዳለ ነው፤ ወደ ትንሿ ይዛወር።»

«ኧረ እኔንም አሞኘኝ» አሉ ጋሽ ካሣ አንገታቸውን እያከኩ። «ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል ሲባል እየሰማሁ ያረጀሁ ሰው!»

አብዲራሺድ ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ሉልን አያት። «አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር፣ አባ።»

አብዲራሺድ ዕቃ ሳጥኑን አንስቶ ወደ መኪናዋ ሄደ።

ትንሿ በቀላሉ ገባች። ቢሆንም አንገቱን እንደገና መበየድ፣ ቱቦውን እንደገና መለካት ነበረባት፤ የመጨረሻው ብሎን የጠበቀው ቅዳሜ ማታ ነው። ደንገጎ ላይ የሚሞክሩበት ቀን አልነበረም። ሳቢሪን ግን ሲነገራት፣ «ብትቆም ገፍተን እንወጣታለን፤ በላንድክሩዘር አልሄድም» ብላ ቁርጡን ተናገረች።

እሁድ ፔጆዋ በአበባ ተሸልማ ስምንት ሰው ጭና ወጣች፤ ሙሽሪት ከነሚዜዎቿ ከኋላ፣ ሉል ከፊት። ላንድክሩዘሩም አልቀረም፤ እነ አው ጦልሃን ጭኖ ይከተላል። ዳገቱ ሲጀምር እልልታው ቀነሰ። ታሪኩን የማያውቅ አልነበረማ። ሉል ጆሮዋን ሞተሩ ላይ ጥላለች፤ ቱርቦዋ ስስ ፉጨት ታሰማለች፣ ማርሽ ሲቀየርም አትጠፋም። ሰፊው ኩርባ መጣ። ፔጆዋ ሳትንገዳገድ ገባችበት። «አልሐምዱሊላህ» ልትል ስትል አባቷ ፍሬን ያዘ።

መኪናዋ ዳገቱ መሃል ቆመች።

«አባ! ምን ሆንክ?» ሳቢሪን ጮኸች። ከኋላ የአጃቢው ጡሩምባ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ጭነት ይዞ ደንገጎ ላይ የሚቆም አለ እንዴ? ከቆሙበት መነሳት እኮ አዲሱንም መኪና ያስለቅሳል።

አብዲራሺድ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ያንን ትልቅ ድንጋይ በመስኮት አየው። «የቀረሁት እዚህ ነው» አለ። «የምነሳውም ከዚሁ ነው።»

አንደኛ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ፣ ነዳጅ ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑን አወረደ። ፔጆዋ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ትንሿ ቱርቦ ወዲያው አፏጨች፣ ስምንት ሰው እንደ ጫነች ዳገቱን ይዛ ተነሳች። የኋላው እልልታ ጆሮ የሚበጥስ ነበር። አው ጦልሃ በላንድክሩዘሩ መስኮት እጃቸውን አውጥተው ያውለበልባሉ። አብዲራሺድ እንባውን ለመጥረግ እጁን ከመሪው አላነሳም፤ ዝም ብሎ አወረደው።

ጥቂት እንደሄዱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ሉል» አላት።

«አቤት፣ አባ።»

«ከዛሬ ወዲያ ስታውቂ ዝም እንዳትይኝ።»

ሉል አንዴ ሞተሩን አዳመጠች። «እሺ። እንግዲያው ሁለተኛ አስገባ፤ ሞተሯን አስጮህክብኝ።»

አብዲራሺድ ከት ብሎ ስቆ ሁለተኛ አስገባ።