ጎንበስ ሳይሉ የሚያደርጉት ጫማ

ሽማግሌው ጫማ ሰሪ በአርባ ዓመት ውስጥ አዲስ ሐሳብ የመጣላቸው አራት ጊዜ ነው፤ አራቱንም ገላቸውን ሲታጠቡ። ስለዚህ ልጃቸው ወርክሾፑን ተረክባ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ስትሰቅል ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ሐሳብ እንደ አውቶቡስ በሰዓቱ ይመጣል ብለሽ ነው?"

"አይ አባዬ፣ ሲመጣ የሚቆምበት ፌርማታ እንዲያገኝ ነው።"

ሐሳብ ያለው ሰው ስሙን ሳይጽፍ ወረቀት ይለጥፋል፦ ለማን ነው? ያላወቅነው ምንድን ነው? በትንሽ ልፋት እንዴት እንሞክረው? ማክሰኞ ማክሰኞ ሌላ ሰው ያነበዋል፤ በዐሥር ቀን ይሞከራል፤ የማያዋጣ ከሆነ ያለ ሐሜት ይወርዳል።

ሽማግሌው "የቢሮ ጨዋታ!" ብለው አጣጣሉት። ዓይናቸው ግን ከሰሌዳው አልነቀል አለ። አንዱ ወረቀት ላይ "ሶሉ በዝናብ ለምን እንደሚላቀቅ አላውቅም" ተብሎ ተጽፏል፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን አውቃለሁ እያሉ ያለፉትን! ጉጉቱ አላስቀምጥ ቢላቸው አንድ ቀን ሁሉም ለምሳ ሲወጣ እሳቸውም ለጠፉ።

ማክሰኞ ልጃቸው አነበበችው። "ከኋላ የሚከፈት ጫማ። ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰው። ያላወቅነው፦ ተረከዙ ይይዝ እንደሆነ።"

ጥንዱ ጫማ በሳምንቱ ተሠርቶ ደረሰ።

"እሺ፣ ማን ይሞክርልን?" አለች። ሠራተኞቹ ተያዩ። እዚያ ቤት ወገቡ እምቢ ያለው ሰው አይታወቅም።

ሽማግሌውን ላብ አጠመቃቸው። የጫማቸውን ክር ጎንበስ ብለው ካሰሩ ዓመት አልፏቸዋል፤ እንደታሰረ በማንኪያ እጀታ እየገፉ ነው እግራቸውን የሚያስገቡት። ይህ ከታወቀ "በቃ፣ ቤት አረፍ በል" ሊባሉ ነው፤ ከዚያ ቃል ደግሞ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ግን ተረከዙ ይይዝ ይሆን?

"አምጡት" አሉ በመጨረሻ። "ወገቤ ከከዳኝ ቆየ።"

እንደቆሙ እግራቸውን ሰደዱ፤ ሰተት ብሎ ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄዱ። በአራተኛው ተረከዙ ተከፈተና ጫማው ወለቀ።

ልጃቸው ወረቀቱ ላይ "አራት እርምጃ" ብላ ጻፈች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አባዬ..."

ሽማግሌው ያንን ቃል ሊሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

"ነገ ቀደም ብለህ ና። ዐሥሩ ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ነው የቀረን፤ የተረከዙን ማሰሪያ እግርህ ላይ እያየን ነው የምናስተካክለው። አንተ ከቀረህ ሐሳቡ ይወርዳል።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። ደስ አላቸው፤ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው።