ዘጠና አራት ሰዎች በአንድ ፓስወርድ

ሰው ኮምፒውተሩን ሲቆጣ የሚደውለው ለእኔ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ባለች ክፍል ተቀምጬ “አጥፍተው ያብሩት” ስል ኖሬአለሁ። መሥሪያ ቤቱ “ሐኪሟ” ይለኛል። ሐኪምስ በሽተኛው ያመሰግነዋል፤ የእኔዎቹ ማሽኑ ሲነሣላቸው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል።

ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ያለው የመረጃ ደኅንነት ክፍል ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ከሥራ በኋላ አንድ ዓመት ሙያውን ተምሬአለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጄን ስታበላና የቤት ሥራ ስታሠራ የከረመችው ታላቅ እህቴ ናት። “ባታልፊ አላናግርሽም” ብላኛለች፤ እሷ ደግሞ ያለችውን አትረሳም።

ፈተናው አጭር ነው። ሦስት ተፈታኞች ነን፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ላይ አንድ ክፍተት ፈልገን ሐሙስ ጠዋት እናስረዳለን። ለመፈተሽ ሙሉ ፈቃድ ተሰጥቶናል። እኔ በሁለተኛው ቀን አገኘሁ። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የሠራተኛው አዲስ ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። ፎቶ አነሣሁና ስስቅ ዋልኩ።

እዚያው ባቆም ምን ነበረበት? እጄ አላርፍ አለ። የሠራተኛውን ፓስወርድ ጥንካሬ ልፈትሽ ብዬ ፓስወርድ የሚገምት ፕሮግራም ለቀቅኩባቸው። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ዘጠና አራቱ የሚገባው በአንድ ፓስወርድ ነው፦ አይዞህ123።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አይዞህ123 የእኔ ነው። ፓስወርዱ ጠፍቶበት ለሚደነግጥ ሰው ለጊዜው ብዬ የምሰጠው እሱን ነበር። እንደገባ እንዲቀይረው የምታስገድድ አንዲት ሳጥን ስክሪኔ ላይ አለች፤ ምልክት ካደረግኩባት ግን ሰውየው በአምስት ደቂቃ ውስጥ “አሁን ደግሞ ምን አድርግ ነው የሚለኝ?” እያለ ይደውላል። አንድ ቀን የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ በስልክ ሊያለቅሱ ደረሱ፤ አንጀቴን በሉት። ከዚያ ወዲያ ሳጥኗን ለእርሳቸውም ለሌላውም ባዶዋን ተውኳት።

ለእህቴ ነገርኳት። የልጄን ዩኒፎርም እየተኮሰች ነበር።

“ማን ያውቃል?” አለችኝ።

“ማንም።”

“ታዲያ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። የግድግዳውን ተናገሪ፣ ሥራውን ያዢ፣ ይሄን ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ።”

“እስከዚያ ሌባ ቢገባስ እታለም?”

“ዓመቱን ሙሉ ልጅ የያዝኩት በገዛ አፍሽ ራስሽን እንድታሳጪ ነው?”

እውነቷን ነው።

ሐሙስ ጠዋት የዋይፋዩን ፎቶ ይዤ ገባሁ። የደኅንነት ኃላፊዋና ሥራ አስኪያጁ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፎቶውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጨበጥኩት። ፈርቼ ነበር። መልሼ ከተትኩት።

“ዘጠና አራት ሰዎች አንድ ፓስወርድ ነው ያላቸው” አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። “እነማን ናቸው እነዚህ ሰነፎች?”

“አንዱ እርስዎ ነዎት።”

ሳቁ ቀረ። ኃላፊዋ ወደ እኔ ዘወር አሉ። “ማነው የሰጣቸው?”

“እኔ ነኝ።” ስለ ሳጥኗ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። “ሌሎቹ ሁለቱ የእንግዳ መቀበያውን ወረቀት ፎቶ አንሥተው መጡ” አሉ። “ወረቀቱን ለፈተናው ብዬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ስም የሚጠራ ዋይፋይም የለንም።”

ቦርሳዬን ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኩት።

“ሰኞ አራተኛ ፎቅ ነሽ” ቀጠሉ። “ሪፖርቱ ግን ለሠራተኛው ሁሉ ይሄዳል፤ ያንቺ ስምም ይኖርበታል። ትፈርሚያለሽ?”

ፈረምኩ። ደረጃው ላይ ቆሜ ለእህቴ ደወልኩላት።

“አለፍሽ?” አለች፣ ሰላም እንኳን ሳትል።

“አለፍኩ። ጥፋቱም በስሜ ተጻፈ።”

የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

“እኔ ብሆን አልናገረውም ነበር” አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ተለውጦ። “እንኳንም አልሰማሽኝ።”