አረንጓዴ ክር

፪

ሰውየው ወንድሙን ገድሎ ሲያበቃ የሟቹን ሸሚዝ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ እሱኑ ለብሶ ቀብር ይወጣል። ካሜራው ወደ ደረቱ ይጠጋል። ሦስተኛው ቁልፍ የተሰፋው በአረንጓዴ ክር ነው።

ሲኒማ ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው አጥናፉ ግን ደስ አለው። ይቺን ያመጣት እሱ ነዋ።

ከዚያ የሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። መብራት የያዘው፣ ምግብ ያቀረበው፣ መኪና ያዋሰው ሳይቀር ተመሰገነ። አጥናፉ እስከ መጨረሻው ቆሞ ስሙን ፈለገ። የለም። «ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የደራሲው ፈጠራ ነው» ይላል።

ፈጠራ።

፫

ቁጥር አንድን የሚፈልግ አንባቢ አይልፋ። ቁጥር አንድ እማዋይሽ ከሰባት ዓመት በፊት ለአጥናፉ የነገረችው ነው።

አጥናፉ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ይጽፋል። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሕጉን የተማረው በጆሮው ነው። ሰው ሲያወራው አያቋርጥም። እማዋይሽ ታላቅ ወንድሟ ታናሹን መግደሉን ስትነግረውም አላቋረጣት። ጻፈላት። እሷ ግን፣ «አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ሌላውን በእጄ አላሳስርም» ብላ ወረቀቱን ቀዳ ሄደች።

የቀረው እዚህ አይጻፍም። አንዴ ወጥቷል፤ ይበቃል።

፬

አጥናፉ ታሪኩን ለዮናታን ሲነግር የለወጣቸው ነገሮች። (ዮናታን «የፍርድ ቤት ሰው አነጋገር ላጥና» ብሎ ሁለት ሳምንት አጠገቡ የተቀመጠው የፊልም ሠሪ ነው።)

የሟች ስም፦ ተለውጧል።
ከተማው፦ ተለውጧል።
የተጣሉበት ወፍጮ፦ መጋዘን ሆኗል።
እህትየው፦ የአክስት ልጅ ሆናለች።
ክሩ፦



ይህን ያህል ከለወጥኩ ኃጢአት የለበትም ብሎ ነበር። ጾም ላይ ነበር እንኳ። ክሩን ግን መለወጥ አልሆነለትም፤ ታሪኩ የሚጥመው በእሱ ነው።

፭

በስልክ።

አጥናፉ፦ ስሜን አጣሁት።
ዮናታን፦ የቱ ላይ፣ ጋሼ?
አጥናፉ፦ ፊልሙ ላይ። መኪና ያዋሰው እንኳ አለ።
ዮናታን፦ እሱማ መኪና ሰጠኝ። እርስዎ የሰጡኝ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ እዚያ አጥር ሥር ሞልቷል።
አጥናፉ፦ ክሩም?
ዮናታን፦ እሺ። ሰኞ ኢንተርኔት ላይ ስንለቀው «መነሻ ታሪክ» ብዬ አስገባዎታለሁ። ሙሉ ስምዎን ይላኩልኝ። ሰው መቼም ስሙን ይወዳል።

አጥናፉ ስሙን እስከ አያቱ ላከ።*

* ሙሉ ስሙ እዚህ አልሰፈረም። አሁን እንዲጻፍ አይፈልግም።

፮

ሰኞ ሳይደርስ፣ ዓርብ ጠዋት እማዋይሽ መጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች።

ፊልሙን ሲኒማ ቤት አይታዋለች። ያንን ቁልፍ የሰፋችው እሷ ናት፤ ነጭ ክር ስታጣ በአረንጓዴ። ይህን የምታውቀው ልጇ ስንዱ ብቻ ናት አለች። ስንዱ ሠርግ ከሚቀርጹ ሰዎች ጋር ትሠራለች፤ ሌላ ማን ሊሸጠን ኖሯል አለች። ልጅቷ በማርያም ምላ ነበር። እናትየው ልብሷን ሰብስባ ከደጅ ወረወረችው።

ወንድምየውም ፊልሙን አይቷል። ከትናንት ጀምሮ ስንዱ የተጠጋችበት ጓደኛዋ ቤት በር ላይ ቆሟል። ልጅ ናት ብዬ አልምራትም ብሏል።

«ለሌላ ሰው አልተናገርሽም?» አላት አጥናፉ።

«ላንተ ነዋ። አንተማ ከንስሐ አባቴ በምን ትለያለህ?»

፯

እዚህ ላይ ይናገራል ብለህ የጠበቅህ አንባቢ፣ አልተናገረም።

መጣሁ ብሎ ከአጥሩ ጀርባ ዞረና ደወለ።

አጥናፉ፦ ስሜን አውጣው።
ዮናታን፦ ያ ሁሉ ኩርፊያ ለዚህ ነው?
አጥናፉ፦ አውጣው አልኩህ።
ዮናታን፦ ወጣ። ይኸው፣ ፈጠራው የእኔ ሆነ። ደስ ይበልዎ።

ከዚህ በኋላ አጥናፉን የሚያጋልጥ አንድም ወረቀት በምድር ላይ የለም።

አማተበ። ምን ብሎ እንዳማተበ እኔም አልጠየቅሁትም።

፰

«ስንዱን ክሰስልኝ» አለችው ሲመለስ።

ልጅሽን እንዴት ብሎ ሊያግባባት ሞከረ። ዓይኗን አልሰበረችም።

«አንተ የታዘዝከውን ጻፍ። ወንድሜ ከሚገድላት ሕግ ይያዛት። እስር ቤት ቢያንስ በር አለው።»

፱

ከሳሽ፦ ወ/ሮ እማዋይሽ ተገኝ
ተከሳሽ፦
የክሱ ምክንያት፦ በአደራ የተነገረን የቤተሰብ ምስጢር አሳልፎ መስጠት

ሁለተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ቆየ። ከዚያ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ።

ባለጉዳይ ከመፈረሙ በፊት የተጻፈው ጮክ ተብሎ ይነበብለታል፤ የአጥር ሥር ወጉ ይኸው ነው። እማዋይሽ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ተጠጋች።

«አንብበው» አለችው።

አነበበ።

«ተከሳሽ፣                              »