የኩዋባራ ሳን ብርጭቆዎች

ኩዋባራ ሳን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የሰው ቆሻሻ መፈተሽ ነው። («ሳን» እዚህ አገር አቶም ወይዘሮም ማለት ነው።) የሰፈራችን ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆነ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ቆሻሻ ማስቀመጫው ፊት ይገተራል፤ የሙዝ ልጣጭ የሚጠብቅ ጄኔራል። እንደ እኔ ያለ የውጭ አገር ሰው ሲያገኝማ ደስታውን አይችለውም። ከፊሊፒንስ መጥቼ እዚህ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚናገር እየጮኸ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ ነው የሚያነጋግረኝ።

የምንጥልበት ከረጢት ውስጡን ያሳያል፤ ላዩ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ማክሰኞ የሚወጣው የሚቃጠል ብቻ ነው። ጠርሙስ የተገኘበት ከረጢት ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት፣ መንገደኛ ሁሉ እያየው እዚያው ይውላል። በዚያ የብርድ ወራት ቀዩ ወረቀት በእኔ ስም ላይ ተደጋገመ። ውስጡ የሩዝ አረቄ ታሽጎ የሚሸጥበት ትንንሽ ባዶ ብርጭቆ ተገኘ። እኔ እኮ አረቄ ገና ሲሸተኝ ራሴን ያመኛል!

አከራዬ ኢሶቤ ሳን በር ላይ እንደቆመች ነገረችኝ። "ሮዌና ሳን፣ አንድ ጊዜ ከተደገመ ቤቱን መልቀቅሽ ነው። እኔ አይደለሁም፣ ሰፈሩ ነው።"

በዚህ አገር ክፉ የሚሠራ ሰው የለም፤ ሁልጊዜ ሰፈሩ ነው። ባሌ ዳኒሎ ግን በሚያዝያ ሊመጣ ነበር። የመግቢያ ፈቃዱ የተጠየቀው በዚህ ቤት አድራሻ ስለሆነ፣ ቤቱን ካጣሁ እሱም መቅረቱ ነው። በስልክ መኖር የሰለቸው ትዳር ነው ያለን።

በማግሥቱ ማክሰኞ ነበር። ከረጢቴን አስቀምጬ ወደ ሥራ ስሄድ ሻርፔን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ኩዋባራ ሳን ቋጠሮዬን ፈትቶ፣ ከካፖርቱ ኪስ ብርጭቆ እያወጣ ውስጥ ይከታል።

"ደህና አደሩ፣ ኩዋባራ ሳን" አልኩት።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀና አለ። "ቋጠሮሽ ላልቶ ነው። እያጠበቅኩልሽ ነው።" ይህን ብሎ እዚያው ፊት ለፊቴ ቀዩን ወረቀት ለጠፈበት።

ደሜ ፈላ። ኢሶቤ ሳን ቤት ሮጥኩ። "አየሁት! የሚጨምረው እሱ ነው!"

"አውቃለሁ" አለች፣ የአበባ ማሰሮዋን ውሃ እያጠጣች።

"ምኑን ነው የሚያውቁት?"

"ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪም መጠጥ ከልክሎታል። በራሱ ከረጢት ቢያወጣው ሚስቱ ታያለቻ! ያሳዝናል እኮ ሰውዬው።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ይቅርታ ብትይ ያልፋል። እሁድ ለጽዳት ስንሰበሰብ፣ አንድ ሳጥን ብስኩት ይዘሽ ጎንበስ በይ። ቤቱም ይቀርልሻል፣ ባልሽም ይመጣል።"

ናቅኋት። እሷን ብቻ ሳይሆን ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ቤት ሁሉ ናቅሁ። የጫማቸውን አፍንጫ አስተካክለው የሚደረድሩ፣ ባቡር ውስጥ ጮክ ብለው የማያስሉ ጨዋዎች፣ የአንድ ሰካራም ገመና እኔ ላይ ሲጣል በየመስኮቱ ቆመው ያዩ ነበር። ይቅርታ ነው የፈለጉት? እሰጣቸዋለሁ። ደግሞም ደንቡን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ጥፋቱን አንድ በአንድ መናገር አለበት፣ የሚሰማውም ሳያቋርጥ መስማት አለበት።

እሁድ ሰፈሩ ሁሉ ማጭዱንና መጥረጊያውን ይዞ ቦዩ አጠገብ ተሰበሰበ። ኩዋባራ ሳን ከሚስቱ ከፉሚኤ ሳን ጎን ቆሞ ደረቱን ነፍቷል። ሳጥኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ወገቤ እስኪታጠፍ ጎንበስ አልኩ።

"ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ኩዋባራ ሳን የአረቄ ብርጭቆዎቻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከረጢቴ ውስጥ ሲጨምሩ፣ እኔ ሥራ ስለምሄድ ሳልለያቸው ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ በእጄ ይስጡኝና አጥቤ በቀናቸው አወጣለሁ።"

ኢሶቤ ሳን ጫማዋን ታያለች። ፉሚኤ ሳን መጥረጊያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ሳጥኑን ተቀብላኝ ከኔ የባሰ ዝቅ አለች።

"ባለቤቴ ብዙ አስቸግሮሻል" አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ "ኪስህን ገልብጥ።"

"እዚህ? ሰው ፊት?"

"እዚሁ።"

ገለበጠ። ሁለት ብርጭቆ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ ያነሳብኝ የለም። ዳኒሎም በሚያዝያ መጣ። ኩዋባራ ሳን ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ ጓንቱን አጥልቆ ይቆማል፤ ኪሱን ፈትሻ ከረጢታቸው ላይ ስም የምትጽፈው ግን ሚስቱ ናት። ሳልፍ ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

"ይሄን ያህል ምን ውለታ ውሎልሽ ነው?" ይላል ዳኒሎ።

ሁለት እጄን ወደ ኩዋባራ ሳን እዘረጋና፣ "ዛሬስ የሚሰጡኝ አለ?" እለዋለሁ።