በኋላ ማርሽ የተገኘ ማዕረግ

ኮሌጅ እያለሁ አባዬ የሳቀብኝን ያህል ማንም አልሳቀብኝም። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የኮሌጁ ነው። እዚያ ሒሳብም አጥና ታሪክ፣ ለመመረቅ ከሁሉም ትምህርት ትንሽ ትንሽ መቅመስ ግዴታ ነው፤ ከሳይንሱ፣ ከውጭ ቋንቋው፣ ከሥዕሉ ወይም ከሙዚቃው፣ ብሎ ብሎ ደግሞ ከዋናው። ገንዳውን ጠርዙን ሳይነካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልዋኘ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም። ፈተናውን አልፌ ፀጉሬ እየተንጠባጠበ ቤት የገባሁ ቀን አባዬ ከሥራ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። "አሁን ይሄም ትምህርት ሆኖ ነው? እንዲህማ ከሆነ ዳክዬ ሁሉ ምሩቅ ናት!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ይባስ ብሎ ለጎረቤት ሁሉ አወራ።

እግዜር ግን በሰው የሳቀን አይረሳም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ማግስት እዚያው ኮሌጅ ተመዘገበ። የፍልስፍና ተማሪ ሆነ።

ስለ እማዬ ካልነገርኳችሁ የቀረው ነገር አይገባችሁም። ወጣት እያሉ ሁለቱም አንድ አውቶቡስ ላይ ነበር የሚሠሩት፤ እሱ መሪ ይዞ፣ እሷ ትኬት እየቆረጠች። ተሳፋሪው ገብቶ ሲያልቅ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ሁለቴ ትመታለች፤ ሂድ ማለት ነው። አንዴ ከመታች ቁም ማለት ነው። ማታ መኪናውን ጋራዥ ሲያስገቡ ደግሞ ወርዳ ከኋላ ትቆምና "ና! ና! ስበር! መልስ!" እያለች መሪውን እያስጠመዘዘች በዚያ ጠባብ በር ታስገባዋለች። አባዬ በኋላ ማርሽ እንደ እሱ የሚነዳ በከተማው አልነበረም ይላል። እማዬ ደግሞ በከተማው እንደ እሷ የሚጮህ አልነበረም ትላለች። እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

አባዬ ትምህርቱን እንደ ጉድ ወደደው። የሳይንሱን ቤተ ሙከራ በነጭ ጋዋን እየተንጎራደደ ጨረሰ። ለሥዕል ኮርሱ አውቶቡስ ከፊት፣ አውቶቡስ ከጎን፣ አውቶቡስ በዝናብ ሣለ። የክፍል ጓደኞቹ፣ የልጅ ልጆቹ ሊሆኑ ምንም የማይቀራቸው፣ "ጋሼ፣ ማስታወሻዎትን ያውሱን" እያሉ ይከተሉት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው ደግሞ ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ትዕግስት! ፊቱ ያለው መኪና አረንጓዴ መብራት ላይ ትንሽ ከዘገየ ጥሩምባውን የሚያንባርቅ ሰው! እማዬ "ትዕግስትን እዚያ ወረቀት ላይ ጽፎ ጨረሳት፤ ለቤት የተረፈ የለም" አለች። መምህራኑ ግን ጽሑፉን ወደዱት። ውጤቱ ተደምሮ ሲታይ በከፍተኛ ማዕረግ ለመመረቅ በቃ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ዋና። ዓመት በዓመት "የሚቀጥለው ተርም እወስደዋለሁ" እያለ ሲያንከባልለው ቆይቶ የመጨረሻው ተርም ላይ ጣለው። ደንቡ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ግዴታውን ተርሙ ሳይዘጋ ያላሟላ ሰው በኋላ ዲግሪውን ሊያገኝ ይችላል፤ ማዕረጉ ግን ቀረ ማለት ቀረ ነው።

"አባዬ፣ የጉልበት ሕመም አለብህ ብሎ ሐኪም ይጻፍልህ፤ ይምሩሃል" አልኩት።

"ጉልበቴን መች ታመምኩ?"

"ትንሽ እንኳ አያምህም?"

"ለማዕረግ ብዬ ልዋሽ? ታዲያ ማዕረጉ የምኑ ነው?"

ፈላስፋ ቤታችሁ አይግባ። ምንም ምርጫ ስላልነበረኝ ዋናውን ላስተምረው ተነሳሁ።

እማዬ ገንዳው ድረስ መጥታ ማየት እንቢ አለች። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተባለ እንጂ ይዋኛል አልተባለም። ባሌ ሲሰምጥ ቁጭ ብዬ አላይም" ብላ በሩን ዘጋችብን።

አባዬ ምራቁን የዋጠ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን የገንዳውንም ውሃ ጨምሮ ዋጠው። ቁምጣውን እስከ ደረቱ ስቦ ገባ፤ ጠርዙን እንደ መሪ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስለቅቀው ጠፋ። እግሩን ሲያነሳ አንገቱ ይገባል፣ አንገቱን ሲያነሳ እግሩ ይሰምጣል። ውሃውን ሊያዘው ይፈልጋል፤ ውሃ ግን ለጥሩምባ መንገድ አይለቅም።

"ልቀቀው! አትታገለው! ልቀቀው እኮ ነው የምልህ!" እያልኩ ጮኽኩበት።

ሳሉ እስኪለቀው ጠበቀና፣ "እኔ መኪና ሳስተምርሽ እንዲህ ጮኼብሻለሁ?" አለኝ።

"ከዚህ የባሰ!"

ትንሽ አሰበ። "እውነትሽን ነው" አለና እንደገና ሰመጠ።

አንድ ቀን እንዲህ ተዳክሞ ጥልቀት በሌለው በኩል ተቀምጦ ሳለ፣ "ይሄን ማዕረግ ለምን እንዲህ ሙጥኝ እንዳልኩ ታውቂያለሽ?" አለኝ። በከፍተኛ ማዕረግ የሚመረቅ ሰው አንድ የፈለገውን ሰው ወደ መድረክ ይጠራል። የተጠራው ሰው ወርቃማውን የማዕረግ ጥብጣብ አንገቱ ላይ ያጠልቅለታል። የኮሌጁ ልማድ ነው። እኔ ስመረቅ ማንንም አልጠራሁም፤ ውጤቴ የሚያስጠራ አልነበረም።

"እናትሽን ልጠራት ነው። እንዳትነግሪያት" አለ። ውሃውን በእግሩ እያማሰለ ቀጠለ። "አንቺ ስትወለጂ እሷ ከአውቶቡሱ ወረደች። እኔ ቀጠልኩ። ጎበዝ ሹፌር ተባልኩ፣ ስሸኝ ተጨበጨበልኝ። ከኋላ ቆሞ የሚያስገባኝን ሰው ግን መድረክ ላይ የጠራው የለም። አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ይጨብጨብላት።"

ከዚያ ቀን በኋላ ጩኸቴን ቀነስኩ።

መንሳፈፍን ያገኘናት በድንገት ነው። ደረጃው ላይ አዳልጦት በጀርባው ወደቀ፤ እኔ ደንግጬ ስዘል እሱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ጣሪያውን እያየ ተንሳፍፏል። "ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ ያዘኝ" አለ ሳይንቀሳቀስ። እግሩን ሲያወራጭ ሄደ! በጀርባው፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ፣ በኋላ ማርሽ! ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮኽን።

ችግሩ፣ አንድ ሸፋፋ ጎማ እንዳለው መኪና ወደ ግራ ይጎትተዋል። የሚሄድበትን አያይም። በመጀመሪያው ፈተና ገና መንገዱ ሳይጋመስ የገንዳውን ጎን ነካና የኮሌጁ የዋና አሰልጣኝ ፊሽካዋን ነፋች። ወደቀ። የቀረው አንድ ዕድል ብቻ ነበር፤ እሱም ተርሙ የሚዘጋበት ቀን።

ያን ቀን ጠዋት እማዬ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "አልመጣም ብለሽ አልነበር?" ስላት፣ "የወደቀ ለታ ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። ሳይጠራ የሚሄድለት እኔ ሚስቱ ካልሆንኩ ማን ነው?" አለችኝ። ስለ ጥብጣቡ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

የክፍል ጓደኞቹ አግዳሚው ላይ ተኮልኩለው "ጋሼ! ጋሼ!" ይላሉ። ፊሽካው ተነፋ፤ አባዬ ገባ፤ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ማወራጨት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ያው ወደ ግራ መጎተቱ ጀመረው። ጠርዙ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። "አባዬ፣ ቀኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ጆሮው ውሃ ውስጥ ነው፤ ማን ይስማኝ። ፊቴን ልሸፍን ስል እማዬ ከጎኔ የለችም።

ጫማዋን አውልቃ በገንዳው ዳር እየሮጠች ነው። ሌላኛው ጫፍ ላይ ደርሳ በጉልበቷ ተንበረከከችና ውሃ ውስጥ የሚወርደውን የብረት መሰላል ቀለበት ባጠለቀው እጇ መታችው። ሁለቴ። ጋን! ጋን!

ብረቱ ድምፁን በውሃው ውስጥ አደረሰለት። አባዬ ጆሮውን ከውሃው አወጣ።

"ና!" አለች እማዬ። ያ ድምፅ ጣሪያውን አናወጠው። "ና! ና! ወደ ቀኝ ስበር! ስበር! ሙሉውን ስበር አንተ ሰውዬ!"

አባዬ ሰበረ። ከጠርዙ ራቀ።

"አሁን መልስ! ቀጥ! ና! ና! ና!"

አንዱ ተማሪ ለአሰልጣኟ፣ "ይሄ ይፈቀዳል?" አላት። እሷም ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ፣ "ውሃው ውስጥ የገባ የለም፣ እሱን የነካው የለም። መጮህ ክልክል ነው የሚል ደንብ ደግሞ አላነበብኩም" አለችና ራሷ "ና!" ማለት ጀመረች። ከዚያማ ያ ሁሉ ተማሪ ተነስቶ "ና! ና! ና!" ሆነ። አባዬ ሆዱን ወደ ጣሪያው አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፈገግ ብሎ መጣ። ልክ ጭንቅላቱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ እማዬ መሰላሉን አንዴ መታች። ጋን!

ቆመ። የግድግዳውን ጠርዝ በእጁ ያዘና ቀና ብሎ አያት። "አንድ የጎን መስታወት እንኳ አልተነካም" አለ እያለከለከ።

"እኔ ስለጮህኩ ነው" አለች፤ እንባዋ ግን ይወርድ ነበር።

የምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የአባዬ ስም "በከፍተኛ ማዕረግ" ተብሎ ሲጠራ እማዬ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። እሱ ወጥቶ የዲግሪውን ወረቀት ተቀበለ። ከዚያም ጥብጣቡን የሚያጠልቅለትን ሰው እንዲጠራ ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡት፣ "ባለቤቴን" አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እማዬ ወንበሯ ላይ ደረቀች። "እኔን? ምን አደረግኩ? አልወጣም፣ ሰው ያየኛል" እያለች ክንዴን ጨበጠች። ብገፋትም ብለምናትም አልነሳ አለች። አዳራሹ ዞሮ ያያታል፤ ባሰባት።

አባዬ ከላይ አያት። ድምፅ ማጉያውን አስቀመጠና የንግግር ማድረጊያውን ጠረጴዛ በመዳፉ ሁለቴ መታው። ጋን! ጋን!

እማዬ ብድግ አለች። ራሷም ያወቀችው አልመሰለኝም፤ እግሯ ነው የሰማው።

"ነይ!" አለ አባዬ እጁን ወደ ራሱ እያርገበገበ። "ነይ! ነይ! ወደ ቀኝ! ደረጃው በቀኝ ነው! ነይ!"

የኋላው ረድፍ ላይ የነበሩት ተማሪዎች ሰምተው አብረውት "ነይ! ነይ!" አሉ፤ አዳራሹ ሁሉ ተቀበለ። እማዬ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አልፋ ወጣች። ጥብጣቡን ተቀብላ አጠለቀችለት፤ አንገቱ ላይ ተጠምዝዞ ስለነበር አቃናችው፤ ከዚያም ወዴት እንደምትሄድ ጠፋት። ዞር ብላ ልትወርድ ስትል አባዬ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

አንዴ መታው።

ቆመች። ጭብጨባው ሁሉ ወደ እሷ መጣ።